ኃይለ ቃልና መዘርዝር፦ የድርሰት ንድፍ ከጉባኤ ቤት እስከ ጨለለቅቱ

ድርሰት ጻፍ የተባለ ተማሪ አስቀድሞ የሚያነሣው ብዕሩን ነው፤ ሐሳቡን የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዱም ሐሳቡን ሳያገኘው የክፍሉ ደወል ይደወላል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛም ራሳችን ከዚሁ ማኅበር ነበርን። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን «የትምህርት ጥቅም» በሚል አርእስት እንድንጽፍ ታዘዝን። በሰሌዳው ላይ «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» የሚሉ ሦስት ቃላት ተጽፈውልን ነበርና፣ ሁላችንም በመግቢያው ትምህርት ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነው ብለን ጻፍን፤ በሐተታው እጅግ ጠቃሚ መሆኑን ደገምን፤ በመደምደሚያውም ከላይ እንደ ተገለጸው ትምህርት ጠቃሚ ነው አልን። ደብተሮቹ ተሰብስበው በተነበቡ ጊዜ ሁሉንም አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስሉ ነበር። መምህራችን ግን አልተቈጣም፤ እርሱም የተማረው እንደዚያው ነበርና።

ዛሬ በመሥሪያ ቤት ስንውል የዚያ ድርሰት ወንድሞች በሪፖርት ስም ሲመላለሱ እናያለን። «ከፍተኛ ርብርብ ተደርጓል» ይልና፣ ምን እንደ ተሠራ፣ የት፣ በስንት ቀን፣ በስንት ሰው እንደ ተሠራ ሳይናገር ወደሚቀጥለው ከፍተኛ ርብርብ ይሻገራል። ሐሳብ አለ፤ የሚሸከመው ማስረጃ ግን የለም። አንዳንዴም ተቃራኒው ይሆናል፤ ቍጥር በቍጥር ላይ ይደረደርና፣ ያ ሁሉ ቍጥር ምን ሊያስረዳ እንደ መጣ የሚነግረን አንድ ዐረፍተ ነገር እናጣለን።

ስለዚህ ሐሳብን ከነማስረጃው አሰናድቶ የመጻፍ ጥበብ በአገራችን ከየት እንደ መጣ፣ በየትኛውስ መንገድ ላይ እንደ ተሰናከለ ጥቂት ልንመረምር ወደድን። ብዙ ሰው ይህን ጥበብ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር በመርከብ ተጭኖ የመጣ አድርጎ ይገምተዋል። ግማሹ እውነት ነው።

አስቀድመን ቃላቱን እንመልከት። በአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የአንድ አንቀጽ ዋና ሐሳብ ያረፈበት ዐረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ይባላል፤ እርሱን የሚያብራሩትና የሚያስረዱት ደግሞ መዘርዝሮች ይባላሉ። ከመጻፍ በፊት የሚዘጋጀው የሐሳብ ንድፍ አስተዋጽኦ ወይም ቢጋር ይባላል። ኃይለ ቃል በቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ትምህርቱን የሚመሠርትበት ጥቅስ ነው፤ ሰባኪው ከእርሱ ይነሣል፣ የቱንም ያህል ርቆ ቢሄድ ወደ እርሱ ይመለሳል። አንቀጽ በግእዝ በር ማለት ነው፤ ምዕራፍ መንገደኛ የሚያርፍበት ስፍራ ነው፤ ዐረፍተ ነገርም የነገር ማረፊያ ነው። እንግዲህ ቀደምት ሊቃውንት ጽሑፍን እንደ ጕዞ ያስቡት ኖሯል ማለት ነው፤ የሚገባበት በር ያለው፣ የሚታረፍበት ቦታ ያለው ጕዞ። መዘርዝርም ከገበያ የራቀ ቃል አይደለም። የሁለት መቶ ብር ኖት የያዘ ሰው ጥቂት ቆሎ መግዛት አቅቶት ከባለ ሱቁ ፊት «ዝርዝር የለኝም» ብሎ ሲቆም ማን አላየም? ያልተዘረዘረ ሐሳብም እንዲሁ ነው፤ ዋጋው ትልቅ ይሆናል፣ አንባቢው ግን ምንም ሊገዛበት አይችልም።

በሕግም በኩል ብንሄድ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በ51 አንቀጽ የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊው፣ የቀሩት 29 ስለ ሥጋዊው ጉዳይ ይናገራሉ። ዳኛው የቀረበለት ነገር በየትኛው በር እንደሚገባ ሳያውቅ ሊፈርድ አይችልም ነበር። በአደባባይ በልሃ ልበልሃ የሚከራከረው ባላገርም ቢሆን አቤቱታውን ከእማኙ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ አቤቱታ ብቻውን እንደማያስረታ፣ እማኝም ስለ ምን እንደሚመሰክር ካልታወቀ እንደማይጠቅም ማንም አስተምሮት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሐሳብንና ማስረጃን ለይቶ የማስቀመጡ ነገር ጐልቶ የሚታየው በአንድምታ ትርጓሜ ነው። በጎንደር ዘመን የተደላደለው ይህ የጉባኤ ቤት ትምህርት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ኖሮ፣ በ1916 ዓ. ም. አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የትንቢተ ሕዝቅኤልን ትርጓሜ ባሳተሙ ጊዜ በማተሚያ መኪና ወጥቶ ለመታየት በቃ። አካሄዱ እንዲህ ነው። መምህሩ አስቀድሞ ንባቡን በግእዝ ያሰማል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ይተረጕመዋል፤ ከዚያም «ምነው ቢሉ» ብሎ ተማሪው ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ ራሱ ያነሣል፤ «ሐተታ» ብሎ ያብራራል፤ «ታሪክ» ብሎ ነገሩን የሚያስረዳ ወሬ ያመጣል፤ ከሌላ መጽሐፍ ምስክር ሲጠራ በ«እንዲል» ያስረዋል፤ ሌላ ፍች ሲኖርም «አንድም» ብሎ እንደገና ይጀምራል። እነዚህ ትናንሽ ቃላት የሚመጣው ነገር ምን ሥራ ሊሠራ እንደ መጣ አስቀድመው ይናገራሉ፤ ይህ ማብራሪያ ነው፣ ይህ ምሳሌ ነው፣ ይህ ምስክር ነው ይላሉ። በብራና ቢጻፍ ስፍር የሌለው ገጽ የሚሞላውን ትምህርት አንድ መምህር በራሱ ይዞ ሊኖር የቻለው፣ ነገሩ ሁሉ ሥራው ታውቆ በየቦታው ስለ ተቀመጠለት ነው።

የቅኔ ተማሪ ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ከሰማ በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከደጀ ሰላሙ ዳር ለብቻው ይቀመጣል፤ ይህንንም ቅኔ መቍጠር ይሉታል። ምስጢሩን ይፈልጋል፤ ምስጢሩን የሚሸከም ታሪክ ይፈልጋል፤ ለሰሙ የሚስማማ ወርቅ፣ ለወርቁ የሚስማማ ሰም ያፈላልጋል፤ ያልተስማማውን ይጥላል። ጉባኤ ቃና ከሆነ 2 ቤት፣ መወድስ ከሆነ 8 ቤት እስኪሞላ ድረስ በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ከዚህ በኋላ ለመምህሩ ሊነግር ይሄዳል፤ መምህሩም ያርማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዕር አልተነሣም።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲይዝልን እንለምናለን። ያ ተማሪ ቅኔውን የሚናገረው በግእዝ ነው፤ ሲቈጥር ግን ምስጢሩን የሚያፈላልገው፣ ይህስ ቢሆን፣ ያስ ቢሆን እያለ ከራሱ ጋር የሚከራከረው በእናቱ ቋንቋ ነው። በአንድምታም ንባቡ ግእዝ ነው፤ የሐሳቡ ማሰለፊያ ግን አማርኛ ነው። በአገራችን ንድፍ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ቋንቋዎች መካከል የተዘረጋ ድልድይ ነበር፤ ሰው በሚያስብበት ቋንቋና ሊናገርበት በታዘዘው ቋንቋ መካከል። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር እንዴት ሊረሳ እንደ ቻለ ወደ ፊት እናያለን።

በባሕር ማዶ የሮማ የንግግር መምህራን፣ ከእነርሱም ኪኬሮ፣ የተናጋሪውን ሥራ በአምስት ይከፍሉት ነበር፤ ነገርን ማግኘት፣ ማሰለፍ፣ በቃል ማስጌጥ፣ በልብ መያዝ፣ ከዚያም መናገር። ማግኘት አንደኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የአንቀጽ ደንብ ግን የቅርብ ዘመን ነው። እስኮትላንዳዊው የአበርዲን መምህር አሌክሳንደር ቤን እ. ኤ. አ. በ1866 ባሳተመው የእንግሊዝኛ ድርሰት መጽሐፍ፣ አንድ አንቀጽ አንድ ጉዳይ ብቻ ሊይዝና ጉዳዩም ከመነሻው ሊታወቅ እንደሚገባ ደነገገ። ደንቡ ከዚያ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላው ዓለም ተሰራጭቶ በመጨረሻ ወደ እኛ ዘንድ ደረሰ።

እኛ ዘንድ የደረሰውም ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ነው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ. ም. ተከፈተ፤ ከነጻነት በኋላ በ1935 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተቋቋመ፤ በ1943 ዓ. ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ አስቀድሞም በአማርኛ ሐሳቡን በሥርዐት አሰልፎ የሚከራከር ጸሐፊ አልጠፋም፤ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ. ም. የታተመውን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል። በትንንሾቹ ክፍሎች ደግሞ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በብዙ ልጆች እጅ ገባ። መጽሐፉን እንወደዋለን፤ ይሁን እንጂ ወሬው ባለቀ ቍጥር ምክር መከተሉን የለመደ ልጅ፣ ስለ ወባ ትንኝም ሲጽፍ በመጨረሻ ምክር ካልጨመረ ድርሰቱ ያለቀ አይመስለውም።

ዘመናዊው ትምህርት ያመጣው ትልቅ ጥቅም ወረቀቱ ነው። የቅኔው ተማሪ በልቡ ያወጣና ያወርድ የነበረውን ነገር አሁን በዐይኑ ሊያየው፣ ሊሰርዘውና በቍጥር ሊያስቀድመው ቻለ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ድልድዩ ተሰበረ። በሁለተኛ ደረጃ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበርና፣ ድርሰቱ ብቻ ሳይሆን ንድፉም በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተፈለገ። ተማሪው ገና ያላሰበውን ነገር ገና ባላወቀው ቋንቋ እንዲነድፍ ሲታዘዝ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጽሐፍ ይገለብጣል። እኛ «ትምህርት እጅግ ጠቃሚ ነው» ያልነው ስንፍና ይዞን ብቻ አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ የምናውቀው ዐረፍተ ነገር እርሱ ብቻ ስለ ነበረ ነው።

ይህ ሸክም ከሁሉም በላይ የከበደው አፉን በአማርኛ ላልፈታው ልጅ ነው። ዛሬ ጌዴኦ ዞን የምንለው አገር ቀድሞ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ ይባል ነበር፤ ዋና ከተማውም ዲላ ነበረች። በ1950ዎቹ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በመላው አገር በአማርኛ እንዲሆን በተደረገ ጊዜ፣ የደራሳ ልጅ በጌዴኡፋ አስቦ፣ በአማርኛ ተምሮ፣ በእንግሊዝኛ ለመፈተን ይዘጋጅ ነበር። በ1971 ዓ. ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኡፋ ሆነ፤ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህም የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ ሆኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ሁለተኛ ደረጃው ግን አሁንም በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ላይ ብሔራዊው ፈተና ፊደል መርጦ ማጥቈር ስለ ሆነ፣ ብዙ ተማሪ ያለበት መምህር የድርሰት ንድፍ እየተቀበለ የሚያርምበት ጊዜም ምክንያትም ይጐድለዋል። በመምህራን አንፈርድም።

ይህን ሁሉ ያሳሰበን ባለፈው ዓመት ያየነው ነገር ነው። በመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ጌዴኦ ወርደን ሦስት ሌሊት በጨለለቅቱ አደርን። ጨለለቅቱ የኮቸሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከዲላ በስተደቡብ ከይርጋ ጨፌ አለፍ ብላ ትገኛለች። ኮቸሬ የሚለው ስም በጨለለቅቱ መንገድ ላይ ያልሄደ የባሕር ማዶ ቡና ነጋዴም ሁሉ የሚያውቀው ስም ነው። አገሩ ገደላገደል ነው፤ ቢሆንም ራቁቱን የቆመ ተዳፋት እምብዛም አይታይም፤ ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ኮርቹ፣ ከመካከል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው ተደራርበው ይበቅላሉ። ይህ የአያቶች አሠራር፣ ሽማግሎች ከሚሰበሰቡበት ሶንጎና ከጥንታዊዎቹ ትክል ድንጋዮች ጋር፣ በመስከረም 2016 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

ያረፍንበት ቤት ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሁለተኛው ሌሊት ከመብራቱ ሥር ተቀምጣ ስለ ዛፍ ጥቅም በእንግሊዝኛ የታዘዘችውን ድርሰት ስትጀምር አየን። ደብተሯን ብታሳየን የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ዛፍ ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነው» የሚል ነበር። የገዛ ድርሰታችን ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ «ትምህርት» የሚለውን በ«ዛፍ» ለውጦ ጨለለቅቱ ላይ ጠበቀን።

«ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?» አለችን።

እኛም ከጓሮው ያለውን ትልቁን ዋንዛ አያቷ ለምን እንደማይሸጡት ጠየቅናት። አላወቀችም። አያቷ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ነበርና ሄዳ በጌዴኡፋ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም መናገር ጀመሩ፤ አንዴ ከጀመሩ በኋላም ቶሎ የሚያቆሙ አልነበሩም። እኛ ቋንቋውን ስለማንሰማ ልጅቱን የሚሉትን በደብተሩ ጀርባ እንድትጽፍ፣ ግን በሰማችበት ቋንቋ እንድትጽፍ፣ ደግሞም ዐረፍተ ነገር ሳታደርግ በሁለት በሦስት ቃል ብቻ እንድትይዘው ነገርናት። ዘጠኝ ነገር ጻፈች። ለእኛ በአማርኛ ስታነብልን ቅጠሉ ረግፎ አፈሩን ያበላል፤ ጥላው ቡናውን ከፀሓይ ይጠብቃል፤ ሥሩ ተዳፋቱን ይይዛል፤ ቀፎ ይሰቀልበታል፤ ቡና ባልያዘ ዓመት እንሰት አለ፤ ከተራራው ትክል ድንጋይ አለ፤ ሌላም ሌላም።

«አያትሽ ከነገሩሽ ሁሉ አንዱን ብቻ ተናገሪ ብትባዪ ምን ትያለሽ?» አልናት። ብዙ አሰበች። ከዚያም ዛፉ ቢቈረጥ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይጐዳል አለች። እነሆ ኃይለ ቃል ተገኘ፤ ከየትም መጽሐፍ አልተገለበጠም። ቀጥሎ ዘጠኙን አንድ በአንድ እያነሣን ይህ ነገር ያንን ሐሳብ ያስረዳልን እያልን ጠየቅን። ቅጠሉና ሥሩ ስለ አፈር ናቸውና በአንድነት ተሰለፉ። ጥላው ለብቻው አንቀጽ ሆነ። ቀፎውን በመጀመሪያ ልንተወው ነበር፤ ዛፉ ሲወድቅ ማሩም እንደሚቀር አስታውሳን ተመለሰ። ትክል ድንጋዩ ግን ዛፉ ቢኖርም ባይኖርም ያው ድንጋይ ነውና ተሰረዘ። ይህን መስመር ስትሰርዝ እጇ ዘገየ፤ ከዘጠኙ ሁሉ እርሷ የምትወደው እርሱን ነበርና። ለጸሐፊ ከዚህ የሚከብድ ሥራ ያለ አይመስለንም፤ የመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት ጸሐፊዎችም ይህ አንድ ነገር ቢሆንላቸው ሪፖርቱ በእኩሌታ ባጠረ ነበር።

እንሰቱ ላይ ስንደርስ ተከራከርን። እኛ እንሰት ስለ እንሰት እንጂ ስለ ዛፍ አይናገርምና ይሰረዝ አልን። እርሷ እንቢ አለች። ቡና ሳይዝ ሲቀር ወይም ዋጋው ሲወድቅ፣ እንሰት የሌለው ጎረቤት ዛፉን ቈርጦ ይሸጣል፤ አያቷ ግን ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ እያሉ ለዓመታት ያቈዩትን እንሰት ፍቀው፣ በጕድጓድ አብላልተው ቤታቸውን ይመግባሉ፤ ዋንዛው እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው አለችን። ረታችን። እንግዲህ ዛፉ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል፤ ከሥሩ ያለውም ዛፉን ይጠብቃል ማለት ነውና፣ ኃይለ ቃሉ ራሱ መለወጥ ነበረበት። በጥቂት ቃላት አረመችው። በትምህርት ቤት ሳለን ሐሳብ ማስረጃውን እንደሚያዝዝ ተምረን ነበር፤ ማስረጃ ተመልሶ ሐሳቡን ሲያርም ያየነው ግን በዚያ ሌሊት ነው። የቅኔው ተማሪ ከዛፍ ሥር ሲያወጣና ሲያወርድ የሚውለው በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ከመስመሮቹ ጐን ከ1 እስከ 4 ቍጥር ሰጥታ፣ ፊተኛውን ገጽ ቀድዳ፣ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረች። እንግሊዝኛዋ አልተለወጠም፤ ያው የነበራት እንግሊዝኛ ነው፤ መዝገበ ቃላትም ደጋግማ ገለጠች። ነገር ግን «ከዚህ በኋላ ምን ይባላል» ብላ ዳግመኛ አልጠየቀችንም። ለዋንዛ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ስላጣች ዋንዛ ብላ ጻፈችው፤ መልካም አደረገች። ሁለት ገጽ ሞላ፤ በመጨረሻው ላይ ምክር አልነበረበትም።

በማለዳው ተሰናብተን ስንወጣ ደብተሯን በመስኮቱ ደፍ ላይ ተገልጦ አየነው። የተሰረዘውን የትክል ድንጋይ መስመር ወደ መጨረሻው ገጽ አዛውራ፣ ከሥሩ አያቷን የምትጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች በጌዴኡፋ ጽፋ ነበር።